አፕል ከ15 ዓመት በፊት ብቸኛ መብቱን የገዛው ብረት የት ደረሰ?

አይፎን 3ጂ አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት ነበረች። ሲም ካርድ ማውጫ ናት። አብዛኛው ሰው አንዴ ይጠቀምባትና መሳቢያ ውስጥ ይጥላታል። ከጠፋችም የወረቀት ክሊፕ ቀጥ አድርጎ ሥራውን ይጨርሳል። አታካን ፔከር የተባለው ተመራማሪ ግን ሲያያት ወዲያው አወቃት። ብረቱን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ነውና። ከተራ ብረት የተሠራች አልነበረችም። ለጠፈር ምርምር ጭምር የተፈለገ፣ ከታይታኒየም የጠነከረ ቅይጥ ናት።

ለዚህ ብረት የተፈረመው ውል ነው የዛሬው ጉዳያችን።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው) አፕል ሊኩዊድሜታል ቴክኖሎጂስ ከሚባል አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። አፕል በዚህ ውል የኩባንያውን ቅይጥ ብረቶች ለተጠቃሚ በሚሸጡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ለማዋል ብቸኛ መብት አገኘ። መብቱ በመላው ዓለም የሚሠራ ነው፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ክፍያው ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል። ለአፕል የኪስ ገንዘብ ማለት ነው። ሊኩዊድሜታል ግን በኪሳራ ሲንገዳገድ የቆየና አክሲዮኑ በሳንቲም የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ዜናው እንደተሰማ አክሲዮኑ ተተኮሰ። የቴክኖሎጂ ጋዜጠኞችም ቀጣዩ አይፎን ከዚህ ብረት ነው የሚሠራው እያሉ ዓመት በመጣ ቁጥር ጻፉ። አይፎን 5 መጣ፣ 6 መጣ፣ 7 መጣ። ሁሉም አሉሚኒየም ናቸው።

ምን ሆነ? መልሱ ግማሹ ብረቱ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ውሉ ውስጥ ነው።

ከብረቱ እንጀምር። ተራ ብረት ቀልጦ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ሥርዓት ያለው ረድፍ ይይዛሉ። ብረት ሲጫኑት የሚጎብጠው በእነዚህ ረድፎች ውስጥ ያሉ ጉድለቶች መንሸራተት ስለሚችሉ ነው። በ1960 በካሊፎርኒያው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ ወርቅና ሲሊከን አቅልጠው በሰከንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ በሆነ ፍጥነት አቀዘቀዙት። አተሞቹ ረድፍ የሚይዙበት ጊዜ አጡ። እንደተዘበራረቁ ደረቁ። በመስታወት ውስጥ ያለው አደራደርም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ሙያተኞቹ ይህን የብረት ዓይነት ብረታዊ መስታወት ይሉታል።

ችግሩ በዚያ ፍጥነት ማቀዝቀዝ የሚቻለው በጣም ስስ ነገርን ብቻ መሆኑ ነበር። ከወረቀት የማይወፍር ብረት ለስልክ አካል አይሆንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው አኪሂሳ ኢኖዌ በዝግታ ቢቀዘቅዙም እንደተዘበራረቁ የሚደርቁ ቅይጦችን ማግኘት ጀመረ። በ1993 ደግሞ ፔከርና የካልቴኩ ዊሊያም ጆንሰን አንድ ቅመም አሳተሙ። ከመቶው አተም 41.2 ዚርኮኒየም፣ 22.5 ቤሪሊየም፣ 13.8 ታይታኒየም፣ 12.5 መዳብ፣ 10 ኒኬል። አምስት አተሞች መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ ረድፍ ለመያዝ ይቸገራሉ። ይህን ቅይጥ በሰከንድ አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ቢያቀዘቅዙት በቂ ነው። በሴንቲሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው ብረት ማውጣት ተቻለ።

የዚህ ቅይጥ ባሕርይ መሐንዲስን ያጓጓል። ጥንካሬው አውሮፕላን ከሚሠራበት የታይታኒየም ቅይጥ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ተለምጦ ወደ ቦታው የመመለስ አቅሙ 2 በመቶ ይደርሳል፤ ከተለመዱት ብረቶች ብዙዎቹ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። የሚቀልጠው ደግሞ በ720 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ንጹህ ታይታኒየም እስከ 1,668 ዲግሪ ድረስ አይበገርም። ከሁሉም በላይ አምራች የሚወድለት ሌላ ነገር አለው። ሲደርቅ እምብዛም አይኮማተርም። ተራ ብረት በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከዚያ በኋላ በማሽን መላግ አለበት። ይህኛው ግን ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ጠርዙ ሁሉ ተስሎ፣ ገጹም ለስልሶ ይወጣል። የላፕቶፕ አካል ከአንድ ጥፍጥፍ አሉሚኒየም በማሽን እየፈለፈለ ለሚያወጣው አፕል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት።

አሁን ወደ ውሉ። ብዙ ሰው "ብቸኛ መብት" ሲባል አንድ ኩባንያ አንድን ብረት ጠቅልሎ ወሰደ ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። መብቱ በዘርፍ የተቆራረጠ ነው። አፕል የወሰደው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ዘርፍ ነው። የሕክምና መሣሪያ፣ መኪና፣ የስፖርት ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ በሊኩዊድሜታል እጅ ቀረ። ሰዓት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የስዊሱ ስዋች ግሩፕ በ2009 ለሰዓትና ለአንዳንድ የቅንጦት ዕቃዎች ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦሜጋ ብረቱን በአንድ የፕላኔት ኦሽን ሰዓት ላይ፣ በሴራሚኩ ቀለበት ላይ ላሉት ቁጥሮች ተጠቀመበት። በ2011 ውሉ ሲሻሻል የስዋች መብት በሰዓት ላይ ብቸኛ ሆነ። አንድ ድርጅት ብቻ ሲቀር። አፕል። ስዋች ሊኩዊድሜታልን ራሱን ሳይቀር ከሰዓት ገበያ ማስወጣት ይችላል፤ አፕልን ግን አይችልም። አፕል የመጀመሪያውን ሰዓቱን ገበያ ላይ ያወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው። ጠበቆቹ ምን ያህል አርቀው እንደሚያዩ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም ብልሃት አለ። ሊኩዊድሜታል ፓተንቶቹን (የተመዘገቡ የፈጠራ መብቶቹን) ሁሉ ክሩሲብል ኢንተለክቿል ፕሮፐርቲ ወደሚባል ለዚሁ ሲባል ወደተቋቋመ ኩባንያ አዛወረ። ለአፕል ፈቃዱን የሰጠው ክሩሲብል ነው። ለሊኩዊድሜታልም የራሱን ፈጠራ በሌሎቹ ዘርፎች እንዲጠቀምበት መልሶ የፈቀደለት ክሩሲብል ነው። የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ግልጽ ነው። እናት ኩባንያው ቢከስር እንኳ አበዳሪዎች ፓተንቶቹን በቀላሉ አይቀራመቷቸውም። በዚያ ላይ ሊኩዊድሜታል እስከ ፌብሩዋሪ 2012 የሚያገኘውን አዲስ ፈጠራ ሁሉ ወደ ክሩሲብል እንዲያስገባ ተስማምቷል። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ይራዘማል። ወደ 2014፣ ከዚያ ወደ 2015፣ ከዚያ ወደ 2016። አፕል ምንም ምርት ሳያወጣ የትንሹን ኩባንያ ጭንቅላት እየተከራየ ቆየ ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን አልተጠቀመበትም? ፔከር በ2012 ለመገናኛ ብዙኃን ሲናገር ቴክኖሎጂው እስኪበስል አፕል ከ3 እስከ 5 ዓመትና ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሳያስፈልገው እንደማይቀር ገምቶ ነበር። ምክንያቶቹ ተራ የፋብሪካ ምክንያቶች ናቸው። ቅይጡ ሲቀልጥ ትንሽ ኦክስጅን ከነካው አተሞቹ ረድፍ መያዝ ይጀምራሉ፤ ጥንካሬውም ያኔ ያከትማል። ስለዚህ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ መሥራት የግድ ነው። ቤሪሊየም ብናኙ ሳንባ የሚያጠቃ መርዝ ነው፤ ያለ ቤሪሊየም የሚሠሩት ቅይጦች ደግሞ ለመቅረጽ ያስቸግራሉ። ዚርኮኒየም ከአሉሚኒየም ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ብረቱም አንድ አመል አለው። አቅሙ ካለቀ አይጎብጥም፣ ድንገት ይሰበራል። በ2014 ኪስ ውስጥ ጎበጠ ተብሎ ከተሳለቁበት አይፎን 6 ፕላስ በኋላ አፕል መፍትሔ ያደረገው ጠንከር ያለ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በቀጣዩ ዓመት 6ኤስን በ7000 ተከታታይ አሉሚኒየም ሠራ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ ብረቱን ያስቀረው ውሉ ነው የሚሉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም። ያስቸገረው መጀመሪያ ብረቱ ራሱ ነው። ይሁን እንጂ ውሉ ሌላ ነገር አድርጓል። ከ2010 በፊት ይህን ብረት የሞከሩ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ነበሩ። ሳምሰንግ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ክፍሎች ተጠቅሞበታል፤ ሳንዲስክ ፍላሽ ሠርቶበታል። ከኦገስት 2010 በኋላ እነዚህ ደንበኞች ወደ ሊኩዊድሜታል መምጣት አልቻሉም። አዲስ አበባ ውስጥ መሬት ወስዶ፣ ቆርቆሮ አጥሮ፣ ሳይገነባበት ዓመታት የሚያስቀምጥ ባለሀብት አይታችሁ ይሆናል። የአፕል ውል በእኔ ዕይታ ከዚያ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ሊዝ የሚያስታውስ፣ ካልገነባህ እነጥቅሃለሁ የሚል ማዘጋጃ ቤት አለመኖሩ ነው። የፓተንት ፈቃድ ውል ባለመብቱ ምርት እንዲያወጣ የሚያስገድድ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይጠይቃሉ። በጭንቅ ውስጥ ያለ ድርጅት ግን ለመደራደር አቅም የለውም።

እዚህ ላይ ደሜን የሚያፈላው አንድ ነገር አለ። የካልቴኩ ምርምር በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴርና በናሳ ገንዘብ ተደግፏል። በ2001 የተላከችው የናሳ ጄኔሲስ መንኮራኩር ከፀሐይ የሚነሱ ቅንጣቶችን የሚይዝ የዚሁ ዓይነት ብረት ተሸክማ ነበር። በ1980 የወጣው የቤይ-ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ ያገኙትን ፈጠራ በስማቸው አስመዝግበው እንዲያከራዩ ፈቀደ። ሕጉ ብዙ ጠቅሟል፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ የነበረ ፈጠራ ገበያ አይቷል። ግን ግብር ከፋዩ የከፈለበት ብረት በሦስተኛ እጅ አንድ ኩባንያ ግቢ ገብቶ ሲቆለፍበት ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ይህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን "የጊዜ ገደብ የለውም" ወደተባለው እንመለስ። ውሉ ዘላለማዊ ሊሆን ይችላል፤ ፓተንት ግን ይሞታል። የዚያ የ1993ቱ ቅመም የአሜሪካ ፓተንት በፌብሩዋሪ 1994 ነው የተሰጠው። ማመልከቻው ከገባበት ቀን 20 ዓመት ሲቆጠር 2013 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው 41.2 ዚርኮኒየም፣ 22.5 ቤሪሊየም ብሎ ቀላቅሎ ቢሠራ በዚያ ፓተንት የሚከሰው የለም። የቀረው ምንድን ነው? ከዚያ በኋላ የተመዘገቡት የአሠራር ፓተንቶች ናቸው። አፕልና ክሩሲብል እንዴት እንደሚቀረጽ፣ እንዴት እንደሚገጣጠም፣ እንዴት በስሱ እንደሚዘረጋ ብዙ አስመዝግበዋል። ከዚያ ደግሞ ወረቀት ላይ የሌለው አለ፤ የምድጃው ሙቀት ስንት እንደሚሆን፣ ቅርጽ ማውጫው ከምን እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል። ይህ የንግድ ምስጢር ነው፤ ጊዜ አያልፍበትም። ሰው ሥራ ሲቀይር ግን አብሮት ይሄዳል።

ለኛም ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመርለታል። አዲስ አበባ ያልተመዘገበ የአሜሪካ ፓተንት እዚህ ማንንም አይከለክልም። ግን ማን ነው የሚሠራው? አየር የወጣለት ምድጃና የዓመታት ልምድ ከሌለ ነፃ የሆነ ቅመም ወረቀት ነው። ያልተከለከልነው ነገር ብዙ ነው፤ የጎደለን ፈቃዱ አይደለም።

ሊኩዊድሜታል ራሱ ወዴት ደረሰ? ከአፕል በኋላ በተረፉት ዘርፎች ለመኖር ሞከረ። በ2012 ቪሰር ፕሪሲዥን ካስት ለሚባል የኮሎራዶ ኩባንያ ብቸኛ የማምረት መብት ሰጠ። ወዲያው ተጣሉ። ክርክሩ በ2014 በስምምነት አለቀ። በ2016 ሉጊ ሊ የተባሉ የቻይና ባለሀብት ከ63 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማፍሰስ ተስማምተው ገቡና መሪነቱን ያዙ። ሉጊ ሊ በወቅቱ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት፣ ዶንግጓን ከተማ የሚገኘው የኢዮንቴክ ሊቀመንበር ነበሩ። ኢዮንቴክ ብረት እየቀረጸ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ፈጠራቸውን ተዋዋሱ፤ እስያ ለኢዮንቴክ፣ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ለሊኩዊድሜታል ሆነ። ልብ በሉ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ዕውቀቱ ከካሊፎርኒያ ወደ ጓንግዶንግ ፋብሪካዎች ሰፈር ገባ።

ብቸኛ መብት ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለማየት ታይታኒየምን መመልከት ይበቃል። አፕል በሴፕቴምበር 2023 አይፎን 15 ፕሮን በታይታኒየም ሠራ። ቅይጡ በ1950ዎቹ ለአውሮፕላን የተሠራ ነው፤ የማንም ንብረት አይደለም። በጃንዋሪ 2024 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24 አልትራን በታይታኒየም ይዞ ብቅ አለ። አራት ወር ብቻ ነው የፈጀበት። በ2025 ደግሞ አፕል ራሱ 17 ፕሮን ወደ አሉሚኒየም መለሰው፤ ሙቀት በተሻለ ስለሚያስወጣ። በታይታኒየም ማንም ማንንም አላገደም፣ ማንም አልከሰረም፣ ተጠቃሚውም አይቶ መረጠ።

ብረታዊ መስታወት ቦታውን ያገኘው በመጨረሻ ማንም ባላሰበው በኩል ነው። ታጣፊ ስልክ መጣ። ታጣፊ ስልክ ማጠፊያ አለው። ማጠፊያው በጥቃቅን፣ ውስብስብ ክፍሎች የተሞላ ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክፍሎቹ መድከም የለባቸውም፤ ከደከሙ ስክሪኑ መሃሉ ላይ ይጨማደዳል። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ተለምጦ የሚመለስ፣ ከቅርጽ ማውጫው ተስሎ የሚወጣ ብረት። ይህ ለዚያ ሲም ማውጫ ብረት የተጻፈ የሥራ ማስታወቂያ ይመስላል። ሁዋዌ በ2020 ሜት ኤክስኤስን ሲያስተዋውቅ ማጠፊያው ላይ በዚርኮኒየም ላይ የተመሠረተ የዚህ ዓይነት ብረት መጠቀሙን ገልጿል። ሌሎች የቻይና አምራቾችም ተከትለዋል። የአፕል ውል አላስቆማቸውም።

በማርች 2025 የአፕልን አቅራቢዎች በመከታተል የሚታወቁት ተንታኝ ሚንግ-ቺ ኩዎ የአፕል ታጣፊ አይፎን ማጠፊያ በዚህ ብረት እንደሚሠራ ተነበዩ። ብቸኛ አቅራቢውም ኢዮንቴክ እንደሚሆን ጻፉ። ትንበያ ነው፤ አፕል ስለ አቅራቢዎቹ አስቀድሞ አይናገርም። ነገር ግን ከተሳካ የ2010ሩ ውል የሚጠቅመው በጥቂቱ ነው። ዋናው ፓተንት ሞቷል፤ ዕውቀቱ ዶንግጓን ነው።

ከዚህ በኋላ ብቸኝነት የሚገዛው በፋብሪካ አቅም ነው። አፕል ይህንንም ሞክሮታል። በ2013 ጂቲ አድቫንስድ ለሚባል ድርጅት አሪዞና ሜሳ ላይ ሰንፔር መስታወት እንዲያመርት 578 ሚሊዮን ዶላር አስቀድሞ ለመስጠት ተዋዋለ። ጂቲ ለሌላ የኤሌክትሮኒክስ አምራች እንዳይሸጥ ታሰረ፤ አፕል ግን የመግዛት ግዴታ አልነበረበትም። በኦክቶበር 2014 ጂቲ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ ታጣፊው አይፎን ሲመጣ ከስልኩ ውፍረት ይልቅ እኔ የምጠብቀው ሌላ ዜና ነው። ኢዮንቴክ ለቻይናዎቹ ደንበኞቹ መሸጡን ይቀጥላል ወይስ ምድጃው ሁሉ ለአንድ ደንበኛ ይያዛል? ከተያዘስ አፕል በዚህኛው ውል የመግዛት ግዴታ ይገባ ይሆን?